ሹፌር አይቆጠርም

ፖስታውን የሰጠኝ በጉዞው ሁለተኛ ቀን፣ ሻንጣዎች ከአውቶቡሱ ሆድ እየወረዱ ሳለ ነው። ግራ ቀኙን አላየም፤ ድምፁንም ዝቅ አላደረገም። «ሲመችዎት ይመልከቱት» አለኝና ወደ ሻንጣዎቹ ተመለሰ። ነጭ ፖስታ ነው፤ የታሸገ፣ ከላዩ ምንም ያልተጻፈበት።

እኔ ሞኟ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት መሆኔን ረስቼ፣ ፖስታውን ደረቴ ላይ ለጥፌ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩ እግዜር ይወቀው። ፀጉሬንም በመስታወት አየሁ፤ ደብዳቤ መልክ የሚያይ ይመስል። ስድስት በጋ ሙሉ አንድ አውቶቡስ ላይ አብረን ስንሠራ ከእሱ እጅ የተጻፈ ነገር ስቀበል የመጀመሪያዬ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ዳሩን በጥንቃቄ ቀደድኩት።

ውስጡ የነበረው የቢሮ ቅጽ ነው። «የመስመር ለውጥ ማመልከቻ» ይላል ከላዩ። አመልካች፦ ሹፌር። አሁን የሚሠራበት መስመር፦ የደቡብ ታሪካዊ ጉብኝት፣ ሰባት ቀን። ሊዛወር የሚፈልግበት፦ ሰሜን። ምክንያት፦ የግል። ከታች አንድ ባዶ መስመር አለ፤ «አብራ የምትሠራው አስጎብኚ ፊርማ» የሚል። ከጎኑ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጎበታል። የት እንደምፈርም እንዳይጠፋኝ ብሎ ነው። አሳቢነቱ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።

ክፍሉ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ፎጣ፣ አንድ ብርጭቆ። ለአስጎብኚ በየሆቴሉ የሚሰጣት ክፍል ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው የማይፈልገው፣ አሳንሰሩ ሲወጣ ሲወርድ የሚሰማበት። ሌላ ጊዜ ልብም አልለው። ያን ዕለት ግን ብርጭቆዋን እንኳ አይቼ ሆድ ባሰኝ።

*

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ።

ሹፌሮቹ «ደቂቃ» ይሉታል። አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም፤ ደግሞም ነገር ሁሉ «አንድ ደቂቃ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እሱ ደግሞ እኔን «ሬዲዮ» ይለኛል፤ ጠዋት ከተከፈትኩ የምዘጋው ማታ ነውና። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። ከሹፌሩ ጎን ባለችው ታጣፊ ወንበር ተቀምጬ፣ ማይክ ይዤ፣ የትኛው ንጉሥ የትኛውን ግንብ ለምን እንዳስገነባ፣ የትኛዋ ንግሥት በየትኛው መስኮት ማንን ስትጠብቅ እንደኖረች አወራለሁ። እሱ እየነዳ ይሰማል። ስድስት ዓመት ሰምቶ ሰምቶ አሁን ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ጊዜ የአሮጌው ድልድይ ዘመን ጠፍቶብኝ አፌን ከፍቼ ስቀር፣ በጣቱ መሪውን ጠብ ጠብ እያደረገ ቁጥሩን ነገረኝ። ከኋላችን ከተቀመጠው ሕዝብ አንድም ሰው አልነቃብኝም።

በየማለዳው ማይኩ ከሚሰቀልባት ቀዳዳ ውስጥ አንዲት የጉሮሮ ከረሜላ አገኛለሁ። ማን እንዳስቀመጣት ጠይቄ አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። አምስት በጋ እንዲህ አለፈ። አምና የመጨረሻው ጉዞ ሲያልቅ፣ አውቶቡሱ ጋራዥ ሊገባ ሲል፣ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «የምነግርሽ ነገር አለኝ» አለኝ።

«ንገረኛ» አልኩት።

«አንድ ደቂቃ» አለ። ከዚያ ፊቱ ቀላ። «ለከርሞ በጋ ይሁንልኝ።»

ሰው አንድ ደቂቃ ሲባል አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል? እኔ ጠብቄያለሁ። ሥራ በሌለበት ወራት የጉሮሮ ከረሜላ በሱቅ መስኮት ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር።

ቀኑ ደረሰ። መናኸሪያው ድረስ ያመጣኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቤተሰቡ «ዶክተሩ» ይለዋል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ጀምሮ ነው የሚለው፣ እሱም ሳያሳፍር ሆኖ አረፈው። አባታችን ዳኛ ነበር። ሁለቱ እህቶቼ መሐንዲስ አግብተዋል። የእኔ ማይክ ይዞ መዞር በቤታችን የሚያልፍ በሽታ ተደርጎ ነው የሚታየው። ሹፌር ማለት ደግሞ፣ በእኛ ቤት፣ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ደቂቃ ከአውቶቡሱ ወርዶ ወደ እኛ መጣ። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ የእጥፋቱ መስመር ገና አልለቀቀውም። «እንኳን ደህና መጣሽ ሬዲዮ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ወንድሜ ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየው። ከዚያ ሰውየው እዚያው ቆሞ ሳለ ወደ እኔ ዞሮ «ማን ነው?» አለኝ።

ስንት መልስ ነበረኝ። ጓደኛዬ ነው ማለት እችል ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ነው ማለት እችል ነበር። ዓመቱን ሙሉ አፉን የጠበቅኩት ሰው ነው ማለትም እችል ነበር፣ ወኔው ቢኖረኝ።

«ሹፌሩ ነው» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። ክፋቱም እሱ ነው። ደቂቃ የዘረጋውን እጅ ወደ ሻንጣዬ ወሰደው። «ልቀበልዎት» አለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቺ የለም፣ ሬዲዮ የለም። ማይኩን ሳነሳ ቀዳዳዋ ባዶ ነበረች። እዚያች ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ጣቴን ከትቼ ስንት ጊዜ እንደፈለግሁ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ።

*

ሰባት ቀን ከአንድ ሰው ጎን ተቀምጦ ብቻን መሆን እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክንዳችን ሊነካካ ምንም አይቀረውም። እኔ ለሠላሳ አንድ ሰው ታሪክ አወራለሁ፤ እሱ መንገዱን ያያል። በትልቁ መስታወት ዓይናችን ከተገጣጠመ ቶሎ ብሎ ወደ ስፖኪዮው ይዞራል፤ ከኋላ የሚቀድመን መኪና ያለ ይመስል።

ምግብ ላይ ደግሞ ሕግ አለ። አስጎብኚ ከእንግዶች ጋር ትበላለች፤ ሹፌሮች ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ። በሁሉም ሆቴል ይቺ ጠረጴዛ አለች፤ ጨርቅ የላትም፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎት ይመታታል። በፊት ሳልፍ «ዛሬ ምን ደረሳችሁ?» ብዬ እቀልድ ነበር። አሁን በሌላ በኩል ዞሬ ነው የማልፈው።

ሌላም ሕግ አለ። ሥራ አስኪያጁ ገና ስቀጠር ያስተማረኝ፣ ሰው በወረደና በተሳፈረ ቁጥር ከኋላ ወንበር ወደ ፊት እየመጣሁ እንድቆጥር ነው። «ሹፌር አይቆጠርም» ብሎኝ ነበር። «እሱ ከሌለ አውቶቡሱ አይሄድማ፤ ያኔ ታውቂዋለሽ።» ያኔ ስቄ ነበር።

ከተሳፋሪዎቹ ብቻቸውን የመጡት አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ አሥራ አራተኛው ወንበር፣ መስኮት ዳር። ሞተር በተነሳ ቁጥር መስኮታቸው ይንቀጫቀጫል። «ልጄ፣ ይሄ መስኮት ካንቺ በላይ ያወራል» ይሉኛል፣ ሳይቆጡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሜዳውን ሲያዩ ይውላሉ። ማንም አያናግራቸውም። አንዳንዴ ከኋላ ሆኜ ሳያቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የት ወንበር ላይ እንደምቀመጥ ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ አሮጌው ድልድይ ላይ፣ ሰዎቹ ፎቶ ሲነሱ ደፈር ብዬ ተጠጋሁት። የፊቱን መስታወት በጨርቅ ይወለውላል።

«ፈረሙልኝ?» አለኝ ሳይዞር።

«ገና ነኝ።»

«ከጉዞው ሪፖርት ጋር ነው የሚገባው። እስከ መጨረሻው ቀን ጠዋት ቢያደርሱልኝ።»

«ደቂቃ፣ ያን ቀን መናኸሪያው ላይ...»

«ተሳፋሪዎቹ እየመጡ ነው» አለ።

ዞሬ አየሁ። ማንም አልመጣም። ሁሉም ድልድዩ ላይ ተደግፈው ውሃውን ያያሉ። ጨርቁ የጸዳውን መስታወት ደግሞ ሲያጸዳው ቆሜ አየሁና እግሬን እየጎተትኩ ተመለስኩ።

*

በስድስተኛው ቀን የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ደረስን። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ድንጋዩ ራሱ ይተነፍሳል። እንደ ልማዴ ሰዎቹን ከትልቁ መስኮት ሥር ሰብስቤ፣ ንግሥቲቱ የተጣላችውን ባሏን እዚህ መስኮት ላይ ሆና አሥራ አንድ ዓመት እንደጠበቀችው ነገርኳቸው። «ለምን መልእክት አልላከችበትም?» አለ ካሜራ ያንጠለጠለው ሰውዬ። ሁሌ አንድ ሰው ይጠይቃል፤ ሁሌም «ንግሥት ነቻ፣ ኩራቷስ» ብዬ አስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን «አላውቅም» አልኩ።

ሰዎቹ ግቢውን ሊዞሩ ሲበተኑ አውቶቡሱ ጥላ ሥር ወደቆመው ደቂቃ ሄድኩ። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ።

«አምና እነግርሻለሁ ያልከኝን ንገረኝ» አልኩት።

ጫማውን አየ። «እሱን የሚነግርዎት ሰው አምና ቀርቷል» አለኝ። «ሞተሩን ላስነሳ፤ ሰዓቱ ደርሷል።»

ዓይኔ እየተቃጠለ ተሳፈርኩ። ሰዎቹ እያላባቸው ገቡ። ከኋላ ጀመርኩ፤ በየወንበሩ ጫፍ እጄን እያሳረፍኩ፣ በለሆሳስ። ፊት ወንበር ስደርስ ሠላሳ ላይ ነበርኩ። ቀና ስል የታየኝ የደቂቃ ማጅራት ነው፤ የነጩ ሸሚዝ ኮሌታ፣ ከላዩ ፀሐይ ያጠቆረው ቆዳ።

«ሠላሳ አንድ» አለ አፌ። «ሙሉ ነን፤ እንሂድ።»

አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ነዳጅ ማደያ ቆምን። ሰው ውሃ ገዝቶ፣ እግሩን አፍታትቶ ተመለሰ። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሠላሳ። አሥራ አራተኛው ወንበር ላይ ባርኔጣና ነጠላ ብቻ ተቀምጠዋል። ክው አልኩ። አጠገባቸው የነበሩትን ጠየቅሁ፤ ያያቸው የለም፣ ያጣቸውም የለም። ባልና ሚስት ከሆነ አንዱ ሌላውን ይፈልጋል። ብቻውን የመጣን ሰው የሚፈልገው አስጎብኚዋ ብቻ ናት፤ እኔ ደግሞ ረሳኋቸው።

«ደቂቃ» አልኩ። «አዋላጇን ትተናቸው መጥተናል።»

ወዲያው አውቶቡሱን አዞረው።

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ። «መቁጠር እኮ ነው ሥራሽ» አለ ባለካሜራው፤ እውነቱን ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ማይኩን አነሳሁ፤ ድምፄ ግን የለም። ያኔ ደቂቃ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል አንድ እጁን ኪሱ ከተተና ያወጣውን መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። የጉሮሮ ከረሜላ ነው፤ ስድስት። ለየቀኑ አንድ። በየማለዳው ገዝቶ፣ ይዟት መጥቶ፣ ሳያስቀምጣት ውሎ።

«አንዷን ጉረሺ» አለኝ።

አንቺ እንዳለኝ እሱ ራሱ ልብ ያለው አይመስለኝም። እኔ ልብ ብያለሁ። አንዷን አፌ ውስጥ ከተትኩና አምስቱን ጨበጥኩ።

«ስንት ነበር የቆጠርሽው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«እንዴት ይሆናል? ሴትየዋ ከሌሉ ሠላሳ ነው።»

እንዴት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከኋላ ወደ ፊት በሐሳቤ መጣሁና ማጅራቱ ላይ ደረስኩ። ፊቴ ነደደ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ስሚ» አለ ቀስ ብሎ። «አጣደፈኝ በይ። ሹፌሩ ረፈደ ብሎ ሞተር አስነስቶ አዋከበኝ ብለሽ ጻፊ። እኔ እንደሆነ ወደ ሰሜን ልሄድ ነው፤ ምን ያደርጉኛል። አንቺ ከዚህ ሥራ ሌላ የምትወጂው ነገር የለሽም።»

አለኝ፤ ልለው ነበር። ማይኩን ቀዳዳዋ ውስጥ መለስኩት።

*

አዋላጇ ከንግሥቲቱ መስኮት ሥር፣ ደረጃው ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። የግቢው ዘበኛ ውሃ ሰጥቷቸዋል። በሩጫ ደርሼ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሺ፣ ቀሚስሽ አቧራ ይሆናል» አሉኝ። «ውስጥ ቀዝቀዝ ሲለኝ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አገሩ ጭር ብሏል። ጥቂት ፈራሁ፤ በኋላ ግን ተለማመድኩት። ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስትቆጥሪ አይሻለሁ፤ ጣትሽ እንኳ አይስትም። እኔ ሳልኖር እንዴት ሞላልሽ?»

ለማንም አልናገረውም ብዬ ነበር። ግን አርባ ዓመት ሰው ሲያምጥ ያዩ ሴት ናቸው፤ ጠበቁኝ። «ሹፌሩን ቆጥሬው ነው» አልኩ።

አዋላጇ አልሳቁብኝም። «በአንድ ቀን ዘጠኝ ሕፃን አዋልጄ አሥር ብዬ መዝግቤ አውቃለሁ» አሉ። «በሩ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ አንድ አባት ነበር፤ አንጀቴን ስለበላው ከልጆቹ ጋር ደመርኩት።» ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። «ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም። ሊሄድ ነው። እንድሄድ ፈርሚልኝ ብሎኛል።»

«እኔም ሳልነግረው የቀረ ሰው ነበረኝ» አሉ። «ነገ እያልኩ። ይኸው ብቻዬን አገር አያለሁ።»

ክንዴን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ሄድን። ደቂቃ በሩ ላይ ቆሞ እጃቸውን ተቀብሎ አሳፈራቸው። ከኋላቸው ስገባ ዓይኔን ፈለገ፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

*

ከሆቴሉ ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሪፖርቱን ነገ ጠዋት በሹፌሩ አስፈርመሽ ይዘሽ ትመጫለሽ» አለኝ። «የአንቺ ስህተት ከሆነ ለዚህ በጋ ጉዞ የለሽም። የሹፌሩ ጥድፊያ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አስቢበት።»

አሰብኩበት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። ይህን ሥራ ካጣሁ በጋውን የማሳልፈው በዳኛው ሳሎን ነው፤ ከእህቶቼ ልጆች ጋር፣ መቼ ነው የምታገቢው እየተባልኩ። ብዕሩን አነሳሁና ጻፍኩ። እንዲህ ነው የሚለው፦

«በስድስተኛው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሳፋሪዎችን ቆጥሬ ሠላሳ አንድ አግኝቻለሁ። አንዲት ተሳፋሪ ግን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቀርተው ነበር። ስህተቱ የተፈጠረው ሹፌሩን አብሬ በመቁጠሬ ነው። ሹፌሩ አላስቸኮለኝም። ሹፌር እንደማይቆጠር ከተቀጠርኩበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ሆኖም ላለፉት ስድስት ዓመታት በልቤ ሳልቆጥረው የዋልኩበት ቀን የለም፤ በዚህ ቀን ከአፌ ወጣ። በጉዞው የመጀመሪያ ቀን ማንነቱን ስጠየቅ ሹፌሩ ነው ብዬ መልሻለሁ። መልሱ ጎደሎ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።»

ቀኑን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ከዚያ የእሱን ቅጽ አወጣሁና በእርሳስ ምልክት ያደረገልኝ ቦታ ላይ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ብዬ፣ እሱንም ፈረምኩ። የፊርማዬ ጭራ ከመስመሩ አምልጦ እስከ ወረቀቱ ዳር ሄደ።

ጠዋት እንግዶቹ ቁርስ ላይ ናቸው። ሻዬን ይዤ በአዳራሹ መሐል አልፌ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሄድኩ። አንድ የሌላ አውቶቡስ ሹፌር አይቶኝ እንቁላሉን ይዞ ተነሳ። ጨርቅ በሌላት ጠረጴዛ ላይ ከደቂቃ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የማንኪያ ድምፅ ሲቀንስ ተሰማኝ። ሁለቱን ወረቀቶች አስቀመጥኩለት።

ሪፖርቱን አነበበ። ጨረሰና እንደገና ከላይ ጀመረ። ጆሮው ቀላ።

«ይህን ቢሮ ልታስገቢው ነው?»

«አዎ።»

«ሥራ አስኪያጁ ያነበዋል። ጸሐፊዋ ታነበዋለች። ምሳ ሳይደርስ ጋራዡ በሙሉ ይሰማዋል።»

«ይስማው።»

«ወንድምሽስ?»

«ዛሬ ሊቀበለኝ ይመጣል። እሱን እኔው እነግረዋለሁ፤ አንተ እዚያው ቆመህ።»

ዳቦውን ቆርሶ ሳይበላው መልሶ አስቀመጠው። «ያን ቀን ሸሚዝ ገዝቼ ነበር» አለ። «ልነግርሽ ብዬ። ሹፌር ስለተባልኩ አይደለም እኮ። ሹፌር ነኝ፤ አላፍርበትም። አንቺ ስታፍሪብኝ አየሁ። እሱ ነው ያመመኝ።»

«አውቃለሁ። እወድሃለሁ። አምናም እወድህ ነበር፤ ካቻምናም። አንተ እስክትናገር የጠበቅኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው።» ቅጹን ወደ እሱ ገፋሁት። «ይሄንንም ፈርሜልሃለሁ። መሄድ ከፈለግህ አልይዝህም። ሳትሰማኝ እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

የፊርማዬን ጭራ ብዙ አየው። ሪፖርቱ ላይ ፈረመና መለሰልኝ። ቅጹን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ተነሳ።

«አንድ ደቂቃ» አለኝና ወጣ።

አምናም ያለኝ ይህንኑ ነው። በሹፌሮቹ ጠረጴዛ ላይ ከቀዘቀዘ ሻዬ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ፤ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። እንባዬን ማን ያየዋል ብዬ ዝም ብዬ ለቀቅሁት።

*

ስወጣ ሞተሩ ተነስቷል። ደቂቃ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል። የማይኩን ቀዳዳ አየሁ፤ ባዶ ናት። ልቤ ወረደ። ሳምንት ይህን አውቶቡስ የምትቆጥረው ሌላ አስጎብኚ ናት፤ ማን እንደሚነዳላት እሱ ያውቃል። ለመጨረሻ ጊዜ ልቁጠር ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ከትናንቱ በኋላ በለሆሳስ መቁጠር የለም። ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን አውጥቼ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ አራተኛው ወንበር ጋ ስደርስ አዋላጇ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መስኮቴን። ሹፌራችን አሁን መጥቶ ዝም አሰኘልኝ።»

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ መስኮቱ ግን ጸጥ ብሏል። ከመስታወቱና ከብረቱ መሐል ባለው ስንጥቅ፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ተወትፏል። ከእጥፋቱ ዳር የምትታየው ጥቁር ቀለም የፊርማዬ ጭራ ናት።

የት ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ። «አሥራ ዘጠኝ ብለሻል» አሉኝ አዋላጇ፣ እጄን እየለቀቁ። ቀጠልኩ። ሀያ፣ ሀያ አንድ። ባለካሜራው ሀያ ዘጠኝ ነው፤ ሚስቱ ሠላሳ። ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ።

«ሠላሳ አንድ» አልኩ።

ልማዱ እዚህ ላይ ሙሉ ነን ማለት ነው። ሁሉም ጠበቀ። እኔ የነጩን ሸሚዝ ኮሌታ እያየሁ ቆምኩ።

«ሠላሳ ሁለት» አለ ደቂቃ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

በሩ ተዘጋ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየፌርማታው «ሙሉ ነን» ስል ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ግን በአዎንታ አንገቴን ብቻ ነቅንቄ ከጎኑ ተቀመጥኩ።